የቆሙ ሽማግሌዎች፣ የተንበረከከ ጎልማሳ

ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ ይቆማል። የልጅቷ አባት «ኧረ ግቡ፣ ቁጭ በሉ» ሲሉት «ጉዳይ አለን፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብሎ ዱላውን ተደግፎ ይጠብቃል። ፈረንጅ ደግሞ ሲጠይቅ ይንበረከካል። አንድ ጉልበቱን መሬት አስነክቶ፣ ትንሿን ሳጥን ከፍቶ፣ ቀና ብሎ ያያታል። አንዱ ቆሞ አንዱ ተንበርክኮ የሚጠይቁት አንድ ነገር ይመስላል። ግን አንድ አይደለም፤ የሚጠየቀው ሰው ይለያያል።

ይህን ነገር ሳወጣና ሳወርድ የከረምኩት በሥራ ቦታዬ ምክንያት ነው። ካዛንቺስ የሚገኝ ቢሮ ውስጥ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ዙሪያችን ሆቴል ነው። አርብና ቅዳሜ ማታ አምሽተን ስንወጣ ከአንዱ ሕንፃ ጣሪያ ላይ በአምፖል የተጻፈ የጋብቻ ጥያቄ ሲበራ፣ ጭብጨባና እልልታ ሲሰማ አዲስ ነገር አይደለም። አቅሙ ያለው ደግሞ ራቅ ይላል፤ ላንጋኖ፣ ባሕር ዳር፣ ሲብስም ከአገር ወጥቶ ሞምባሳ ወይም ዛንዚባር። አንድ የሥራ ባልደረባችን ፍቅረኛውን «ትንሽ እንረፍ» ብሎ ዛንዚባር ወስዶ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አሸዋው ላይ ተንበርክኮ ጠየቃት። ሰኞ ጠዋት ቡና እየጠጣን ቪዲዮውን አየነው። ከመሃላችን አንዷ እንባዋ መጣ። አንዱ «ይሄ የኛ አይደለም፤ ባህላችን አለቀለት» አለ። ሌላዋ «ባህልህ መቼ ሴቷን ጠይቆ ያውቃል?» ብላ መለሰችለት። ምሳ ሰዓት ድረስ ሥራ የሠራ ሰው አልነበረም።

ሁለቱም ወገኖች ስለ መልኩ ነው የተከራከሩት፤ አንዱ ፈረንጅ ይመስላል አለ፣ አንዷ ያምራል አለች። የእኔ ሙያ ሌላ ልማድ አስይዞኛል። አንድ ሥርዓት ሲቀርብልኝ መልኩን ከማየቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ጥያቄው ከማን ተነስቶ ወደ ማን ይሄዳል? መልሱ «አይሆንም» ከሆነስ ምን ይፈጠራል? «እሺ» ሲባል ሁሉም ሥርዓት ይሠራል። ደካማው ጎኑ የሚታየው እምቢታ ሲመጣ ነው። በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የጋብቻ ጥያቄን ታሪክ መለስ ብዬ ሳየው፣ ቢሮ ውስጥ ከተከራከርነው የተለየ ነገር አገኘሁ።

* * *

ከሩቁ ልጀምር። በአፍሪካ ዕረፍት ላይ የቀረበ የጋብቻ ጥያቄ ሲባል ዓለም በሙሉ የሚያስታውሰው የእንግሊዙን ልዑል ዊልያምን ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ከኬት ሚድልተን ጋር ኬንያ ለዕረፍት ሄዶ፣ የእናቱን የልዕልት ዲያናን የሰንፔር ቀለበት አውጥቶ ጠየቃት። ቀለበቱን ለሦስት ሳምንት ያህል በጀርባ ቦርሳው ይዞት እንደዞረ በኋላ በቴሌቪዥን ተናግሯል። ወሬው ለሕዝብ የተሰማው በኅዳር ነው፤ ሰርጉም በሚያዝያ 2011 ሆነ። ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ ሐይቅ፣ የአፍሪካ ተራራ፣ የአፍሪካ ጀንበር ለጋብቻ ጥያቄ የሚመረጥ ስፍራ ሲሆን እያየን ነው።

ከዚያ ቃለ ምልልስ ሰው ሁሉ ያስታወሰው ቀለበቱን ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ዊልያም መጀመሪያ የኬትን አባት ልጠይቅ ወይስ ራሷን እያለ አመንትቶ እንደነበር ገልጿል። አባትየው እምቢ ሊሉ እንደሚችሉ ሲያስብ ግን እሷን ካስቀደመ እሳቸው እምቢ ለማለት እንደማይመቻቸው ገባው። እንደ ቀልድ የተናገረው ነው። ግን ነገሩ በሙሉ እዚያች ቀልድ ውስጥ አለ። የእንግሊዝ ልዑልም ቢሆን አባትን የመጠየቅ ልማድ አለበት። ማንን ማስቀደም እንዳለበት ሲያሰላ የነበረው ደግሞ እምቢታ ከየት በኩል ሊመጣ እንደሚችል አስቦ ነው። ጥያቄውን ከማን እንደሚጀምር የሚመርጥ ሰው፣ የማን እምቢታ ክብደት እንደሚኖረውም አብሮ ይመርጣል።

ቀለበቱም ቢሆን ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ከአፍሪካ ነው የሚነሳው። የዛሬው የአልማዝ ገበያ የተወለደው በ1860ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አልማዝ ከተገኘ በኋላ ነው። በኪምበርሊ ጉድጓድ ጥቁር ሠራተኛ በአካፋና በዶማ መሬቱን ቆፈረ። እ.ኤ.አ. በ1888 ሴሲል ሮድስ ዲ ቢርስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ድንጋዩ ሲበዛ ዋጋው እንዳይወድቅ ኩባንያው አወጣጡን መቆጣጠር ነበረበት፤ ፈላጊም መፍጠር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1938 ኤን ደብልዩ አየር የሚባል የአሜሪካ የማስታወቂያ ድርጅት ተቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ1947 ፍራንሲስ ጌረቲ የተባለች የዚያ ድርጅት ጸሐፊ አልማዝን ከዘላለም ጋር ያጋባችውን ዝነኛ መፈክር ጻፈች። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሜሪካዊ ያለ አልማዝ ማጨት ግማሽ ማጨት ሆነ። የሚገርመው ጌረቲ ራሷ ሳታገባ ነው የኖረችው።

እንግዲህ የካዛንቺስ ጎልማሳ ጣሪያ ላይ ተንበርክኮ የሚከፍታት ሳጥን ረጅም መንገድ ተጉዛ ነው የመጣችው። ከአፍሪካ ጉድጓድ ወጥታ፣ በኒው ዮርክና በፊላደልፊያ ማስታወቂያ ተጠቅልላ፣ በፊልም ታይታ፣ ተመልሳ አፍሪካ ገባች። በነገራችን ላይ የራሳችን ድንጋይም አለን፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በወሎ ደላንታ፣ ወገልጤና አካባቢ የሚወጣው ኦፓል በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ቀለበታችን ላይ ግን ብዙም አናየውም። የሚነግርለት ማስታወቂያ አልተጻፈለትማ።

ስለዚህ «ይሄ የኛ አይደለም» ያለው ባልደረባችን ግማሽ እውነት ይዟል። ቀለበቱና መንበርከኩ ከውጭ ነው የመጡት። በእኛ ዘንድ ሰው የሚንበረከከው ለአምላኩ ነው፤ ካጠፋም ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሲጠይቅ ነው። ለማግባት የሚንበረከክ ወንድ ለአያቶቻችን ግራ የሚያጋባ ነገር ይሆን ነበር፤ «ምን በድሏት ነው?» ይሉ ነበር። ሌላው ግማሽ ደግሞ የእኛ የምንለው ሥርዓት ምን እንደነበር ስናየው የሚታይ ነው።

* * *

ሽማግሌ መላክ እንደ ሥርዓት ካየነው እጅግ የበሰለ ነገር ነው። የሚላኩት ሰዎች ይመረጣሉ፤ የተከበሩ፣ አንደበት ያላቸው፣ ብዙ ጊዜም ካህን ያለበት። ሳይታሰብ ይሄዳሉ። ይቆማሉ። ከየት እንደመጡ፣ የማን ልጅ ለማን ልጅ እንደተፈለገ ይናገራሉ። አባት ወዲያው «እሺ» አይልም፤ ያሳፍራል። «ዘመድ ላማክር» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። በዚህ መሃል ዘር ይቆጠራል፣ ጠባይ ይጠየቃል፣ ጎረቤት ይሰማል። ሽማግሌዎቹ አንድ ሁለት ጊዜ ይመላለሳሉ። መልሱ አይሆንም ከሆነ ደግሞ «አይሆንም» የሚል ቃል አይወጣም። «ልጅቷ ገና ናት»፣ «ትምህርቷን ትጨርስ»፣ «ዝምድና ተገኘ» ይባላል። ሽማግሌዎቹ ይገባቸዋል፤ መርቀው ይሄዳሉ። ላኪው አልተዋረደም፣ ተጠያቂውም አልተቀየመም። እምቢታን እንዲህ በጥንቃቄ ያስተናገደ ሥርዓት ብዙ አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል። ከዚህ ሁሉ መመላለስ ውስጥ ልጅቷ የለችም።

አያቴ ያገባችው በጎጃም ገጠር ነው። ሽማግሌዎች ሲመጡ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። እንስራዋን አዝላ ስትመለስ ደጃፉ ላይ የማታውቃቸው ሰዎች ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። የእንግዳ መስሏት ጠላ ቀዳችላቸው። ለራሷ ጠያቂዎች እንደቀዳች ያወቀችው ከሳምንታት በኋላ ከታላቅ እህቷ ነው። አያቴ ይህን ስትናገር ትስቃለች፤ ከአያቴ ባል ጋር መልካም ኑሮ ኖረዋል። ግን እኔ ስሰማው አንድ ነገር አስባለሁ። ለካ ሰርፕራይዝ አዲስ ነገር አይደለም። ድሮ ግን የምትደነግጠው ሙሽራዋ ነበረች፤ የምትደነግጠውም ተወስኖ ካለቀ በኋላ ነው።

በነገሥታቱ ቤትም ያው ነበር። 1875 ዓ.ም.ን እንውሰድ። በዚያ ዓመት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳረች። ዕድሜዋ ስድስት ዓመት ነበር። ጋብቻው የሁለቱን ነገሥታት ስምምነት ማሰሪያ ነበር፤ ሙሽራዋ እንደ ማኅተም ነበረች። ማኅተም ደግሞ አይጠየቅም። ባሏ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተ፤ እሷም ወደ አባቷ ተመለሰች። በዚያው በ1875 ዓ.ም.፣ በፋሲካ፣ ምኒልክ ራሳቸው ጣይቱ ብጡልን በአንኮበር በቁርባን አገቡ። ጣይቱ ጎልማሳ ነበሩ፤ ከዚያ በፊትም ትዳር ያዩ ናቸው። በቁርባን የታሰረ ጋብቻ በቀላሉ እንደማይፈታ ሁለቱም ያውቃሉ። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ቤት፣ አንዲት ሕፃን ሳትጠየቅ ተዳረች፤ አንዲት ጎልማሳ ደግሞ የምታደርገውን አውቃ ገባችበት። «ባህላችን» ስንል ሁለቱም ባህላችን ናቸው።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ጥያቄው ባሕር ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1931 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ለጉብኝት ጃፓን ሲሄዱ ልጅ አርአያ አበበ አብሮ ነበር። ኅሩይ ከጉዞው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ይዘው ተመለሱ፤ ወጣቱ አርአያ ጃፓናዊት የማግባት ሐሳብ ይዞ ተመለሰ። ነገሩ በጃፓን ጋዜጦች ተነገረ፤ አመልካቾች መጡ፤ ከመካከላቸው የቪስካውንት ኩሮዳ ልጅ ማሳኮ ኩሮዳ ተመረጠች። እ.ኤ.አ. በ1934 ዕቅዱ ሳይሳካ ቀረ። ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ዓይኑን በጣለበት በዚያ ሰዓት የሁለቱ አገሮች መዛመድ የሁለት ወጣቶች ጉዳይ ብቻ ሊሆን አልቻለም። በዚህ ታሪክ ደስ የሚለኝ አንድ ነገር አለ፤ ሴቲቱ ፈቅዳ ነው ራሷን ያቀረበችው። የሚያሳዝነኝ ደግሞ፣ ሁለቱ ቢፈቅዱም እምቢ የሚሉ ሌሎች ብዙ መሆናቸው ነው።

* * *

ያ ጣሊያን መጣ። ካዛንቺስም የተወለደችው ያኔ ነው። በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያን ተቋም በአጭሩ ኢንቺስ ይባል ነበር፤ ሠፈሩ «ካዛ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች ተባለ። ጣሊያን ሄደ፣ ስሙ በአዲስ አበባ አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1958 የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ፤ በ1961 የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ በ1969 ሒልተን ተከፈተ። ሠፈሩ የጸሐፊዎች፣ የአስተርጓሚዎች፣ የአስተናጋጆች፣ የሾፌሮች፣ የአዝማሪዎች ሠፈር ሆነ። ከየክፍለ አገሩ የመጣ ወጣት በአንድ ግቢ ተከራይቶ ይኖራል። ዘሩን የሚቆጥርለት የለም፤ አባቷን የሚያውቅ የለም። ሥራ ቦታ ይተዋወቃሉ፣ ሻይ ቤት ይቀጣጠራሉ፣ ይስማማሉ። ከተማው ሳያስበው ጥያቄውን ከአባት ወደ ልጅ አዛወረው። መጀመሪያ ሁለቱ ይነጋገራሉ፣ ከዚያ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው መጠየቁን ተወው ማለት አይደለም፤ አስቀድሞ የተመለሰ ጥያቄ ይዞ መሄድ ጀመረ።

ሕጉ ግን ዘገየ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ ቁጥር 560 ላይ መተጫጨትን ሲተረጉም የሁለት ቤተሰብ ሰዎች የሚያደርጉት ውል ነው ይላል፤ ውሉም እጮኛሞቹ ወደፊት እንዲጋቡ ነው። ልብ በሉ፣ ተዋዋዮቹ ቤተሰቦቹ ናቸው። እርግጥ ያው ሕግ ለጋብቻው የተጋቢዎቹን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በኃይል የተገኘ ፈቃድንም አይቀበልም። ግን ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል ነበር። የ15 ዓመት ልጅ አባቷ የተዋዋለውን ውል እንዴት አድርጋ ነው እምቢ የምትለው?

ከዚህም የባሰ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ብሎ ሲያበቃ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ሕጋዊ በሆነ ጋብቻ ካገባት ክሱ እንዲቀር በር ይከፍት ነበር። ሳይጠይቁ ወስዶ፣ ከዚያ ሽማግሌ ልኮ፣ ከዚያ አግብቶ ነፃ መውጣት። ሽማግሌዎቹ እዚህም ላይ ይቆሙ ነበር፤ ያንኑ ጋቢ ለብሰው፣ ያንኑ ቃል ይዘው። የሚጠይቁት ግን ከዚያች ቤት ተነጥቃ የተወሰደችውን ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» በእውነተኛ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ይህንኑ ነው ያሳየን፤ የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ተኩሳ ትገድላለች፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ ይቆሙላታል፣ ነፃ ትወጣለች። ያቺ ልጅ እምቢ የምትልበት ሌላ መንገድ አልተተወላትም ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋብቻ ዕድሜን ለወንድም ለሴትም 18 አደረገ። ያ የመተጫጨት ውል የሚባለውም ከሕጉ ወጣ። አዋጁ አዲስ አበባንና ድሬዳዋን የሚመለከት ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን አወጡ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ጠላፊው በኋላ ቢያገባትም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ዛሬ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሄደው የሚጋቡ ሁለት ሰዎች በየበኩላቸው ሁለት ሁለት ምስክር ይዘው ይቀርባሉ። ሹሙ ወንዱንም ሴቷንም ይጠይቃል። ሁለቱም በራሳቸው አንደበት ይመልሳሉ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ወንበሩ ፕላስቲክ ነው፣ አምፖል የለም፣ ጽጌረዳ የለም። ግን በዚህ አገር የጋብቻ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ለውጥ ያቺ የቢሮ ጥያቄ ናት ብዬ አምናለሁ።

* * *

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስላል፤ ድሮ አባት ይጠየቅ ነበር፣ ዛሬ ልጅቷ ትጠየቃለች፣ ተመስገን። ቢሮ ውስጥ «ባህልህ መቼ ሴቷን ጠይቆ ያውቃል?» ያለችው ባልደረባችን ረታች ማለት ነው። እኔም እንዲያ አስብ ነበር፣ የአክስቴ ልጅ ጉዳይ እስኪገጥመን ድረስ።

የአክስቴ ልጅ ካዛንቺስ ተወልዳ ያደገች ናት። ለአንድ ዓመት ተኩል አብሯት የቆየ ልጅ ነበር፤ ጥሩ ልጅ ነው። በልደቷ ቀን «እራት እንብላ» ብሎ አንድ ቦታ ወሰዳት። ስትገባ ጓደኞቿ አሉ፣ የሥራ ባልደረቦቿ አሉ፣ የእሱ እህቶች አሉ፣ ስልክ ሁሉ ወደ እሷ ተደግኗል። ተንበረከከ። እሷም «እሺ» አለች። ቪዲዮው በዚያው ሌሊት ተሰራጨ፤ እኔም የልብ ምልክት ላክሁላት።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ እናቷን ቀስቅሳ «አልፈልግም» አለቻት። «ታዲያ ለምን እሺ አልሽ?» ስትባል፣ «ሰው ፊት ተንበርክኮ እንዴት እምቢ እለዋለሁ? ይዋረዳላ» አለች። እሱን ለማዳን ነው እሺ ያለችው።

ልጁ ክፉ አልነበረም። አምፖሉን የገዛው ከደመወዙ ቆጥቦ ነው። ግን የሠራው ሥርዓት እምቢታን የሚያስተናግድበት ቦታ አልነበረውም። ጥያቄው ወደ ትክክለኛው ሰው ሄደ፤ ያ ሰው ግን ሃምሳ ካሜራ መሃል ቆሟል። አያቴ እንስራ አዝላ ደጃፍ ስትደርስ እንደነበረችው፣ የልጅ ልጇም ተወስኖ የቆየ ነገር ላይ ነው የደረሰችው።

ታዲያ ማን ፈታው? ሽማግሌ። አክስቴ የእድራቸውን ዳኛ ጠራች። እኝህ ሰው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ የሠፈሩን ልጅ ግማሹን ያስተማሩ። ብቻዋን አስቀምጠው ጠየቋት፤ እናቷ እንኳን ከክፍሉ እንድትወጣ አደረጉ። «አንቺ ራስሽ ንገሪኝ፤ የምትነግሪኝን ነው የማደርሰው» አሏት። ከዚያ ወደ ልጁ ቤተሰብ ሄዱ። ምን እንዳሉ አላውቅም፤ የቆሙ እንደሆነም፣ የተቀመጡ እንደሆነም። ቀለበቱ ተመለሰ፣ ቪዲዮው ወረደ፣ ማንም በማንም ላይ ነገር አላወራም። ልጁ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል። የእድሩ ዳኛ ሲመለሱ ለአክስቴ ያሉት አንድ ነገር ነው፦ «እሺ ለማለት አደባባይ ይበቃል፤ እምቢ ለማለት ግን ጓዳ ያስፈልጋል።»

እዚህ ላይ ነው ክርክራችን የተገለበጠብኝ። የድሮው ሥርዓት እምቢታን በክብር ያስተናግድ ነበር፤ እምቢ የማለት መብት ግን የአባት ነበር። አዲሱ መብቱን ለልጅቷ ሰጣት፤ የምትጠቀምበትን ጓዳ ግን ወሰደባት። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል። እውነት ነው፣ ግን እምቢ ማለት በሚቻልበት ቦታ የተባለ እሺ ሲሆን ነው።

የዛንዚባሩ ባልደረባችን ቪዲዮ ያማረው ለዚህ እንደሆነ በኋላ ገባኝ። ከጉዞው ሁለት ወር በፊት ሁለቱ ቁጭ ብለው ተነጋግረው፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ እናቷ ሕመም ሳይቀር ተስማምተው ነበር። እሷን ያስደነቃት ቦታውና ሰዓቱ ነው እንጂ ጥያቄው አልነበረም። ሲመለሱም ሽማግሌ ላከ። አባቷ «ፌስቡክ ላይ አይቼ ጨርሻለሁ እኮ» ብለው ሳቁ፤ ግን ሽማግሌዎቹን አቁመው ቀጠሮ ሰጡ። ወግ ነዋ።

* * *

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ፈረሰች። ከጣሊያን ዘመን የቀሩ ቤቶች፣ የቀበሌ ቤቶች፣ አዝማሪ ቤቶች፣ በአንድ የውኃ ቧንቧ ሲቀዱ የኖሩ ግቢዎች በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆኑ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳር ሠፈሮች ሄዱ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በዛ፤ የጋብቻ ጥያቄ ቪዲዮ ለመቅረጽ ከድሮው በጣም ይመቻል። የአክስቴ ቤትም ከሄዱት አንዱ ነው፤ የእድሩ ዳኛም በሌላ አቅጣጫ ሄደዋል።

ሽማግሌ ዝም ብሎ አይገኝም። ሽማግሌ ማለት ልጅነትህን ያየ፣ አባትህን የቀበረ፣ ስትሰክር ያየህና ያልተናገረብህ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሚፈጠረው አንድ ቦታ ላይ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት አብሮ በመኖር ነው። የሠርግ አዘጋጅ መቅጠር ይቻላል፣ አምፖል መከራየት ይቻላል፣ ፎቶ አንሺ በቴሌግራም ይገኛል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ «አልፈልግም» ያለችን ልጅ ቃል ይዞ የሚሄድ ሰው ግን የትም አይከራይም።

ባለፈው ጥር ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ሲነሳ አስቀድሞ ልጅቷን ጠየቃት። የት እንደጠየቃት አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ሽማግሌ ስንፈልግ አንዱን ከገላን ጉራ፣ አንዱን ከአያት፣ አንዱን ከለቡ ለቃቅመን በአንድ ሚኒባስ ጫንናቸው። የእድሩ ዳኛ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ከመውረዳቸው በፊት ወደ ወንድሜ ዞረው «እሷ ራሷ እሺ ብላለች?» አሉት።

«አዎ፣ ጋሼ» አላቸው።

«ለብቻዋ ሳለች?»

«ለብቻዋ ሳለች።»

«እንግዲያው እንቁም» አሉና ወረዱ።